ዋንጫውና ኩሬው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ «መሐንዲሱና የወጪ ንግድ» በሚል ርእስ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት የብዙዎቻችን ልማድ የሆነውን ለማድረግ ነበር። ይኸውም ሠንጠረዥ አሰናድቼ፣ የወጪ ንግዳችን በየዓመቱ ያስገኘውን ገንዘብ በተራ በተራ ደርድሬ፣ በመጨረሻም የመሐንዲሱ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን ገልጬ ለመደምደም ነበር። እንዲህ ያለውን ንግግር ከግማሽ በላይ ካደረስኩ በኋላ ግን ተውኩት። የተውኩበትም ምክንያት ባለፈው ዓመት በአንድ የሽልማት ምሽት ላይ ያየሁትና የሰማሁት፣ ይልቁንም እኔው ራሴ ያደረግሁት ነገር፣ በሠንጠረዥ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ የዚያን ምሽት ታሪክ ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ቢሆንም ከእናንተ ይልቅ ሊሰማው የሚገባ ጉባኤ አላገኘሁም።

ምሽቱ የአገራችንን ምርት ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች የሚሸለሙበት ነበር። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ነው። በመግቢያው ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ በአንድ ጥግ ረከቦት ቀርቦ ቡና ይፈላል፤ የዕጣኑ ጢስ ከሽቶ መዓዛ ጋር ተቀላቅሎ አዳራሹን ሞልቶታል። በመድረኩ ላይ ዋንጫዎቹ እንደ ትልቅነታቸው ተደርድረው መብራት በርቶባቸዋል። እኔ የተጠራሁት ነጋዴ ስለ ሆንኩ አይደለም። ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ነድፌ፣ የግንባታውንም ሥራ ተቆጣጥሬ ነበርና፣ የድርጅቱ ባለቤት «ኢንጂነር፣ አንተ ካልመጣህ ደስታችን ጎዶሎ ነው» ብለው የጥሪ ካርድ ስለ ላኩልኝ ነው።

የተመደብኩበት ጠረጴዛ ከመድረኩ ራቅ ብሎ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ይህ ጠረጴዛ ተሸላሚዎች ሳይሆኑ ከተሸላሚዎች ጀርባ ያሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። አንዱ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት የሚያስፈጽም አስተላላፊ፣ አንዷ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ ደግሞ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ ቡና ቀማሽ ነበሩ። ስለ ወጪ ንግድ በዚያ ምሽት የተማርኩት አብዛኛው ነገር ከመድረኩ ሳይሆን ከዚህ ጠረጴዛ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ላኪዎች አንድ ነገር ተናግሬ ማለፍ ይገባኛል፤ የምሽቱን ታሪክ ስነግራችሁ ሽልማቱን ለማንኳሰስ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ሽልማቱ የሚገባ ሽልማት ነው። ነገሩን በእኛው በመሐንዲሶች ስሌት እንመልከተው። አንድ ኬሻ ቡና 60 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ያህል ይጫናል፤ ይህም 19 ቶን ከ2 ኩንታል መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ የታጠበ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ያ አንድ ኮንቴይነር ከ110 ቶን በላይ እሸት ቡና አለበት ማለት ነው። ይህ ሁሉ እሸት ከአንድ ትልቅ እርሻ የተሰበሰበ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ቡና የሚመረተው ከጓሮና ከትንንሽ ማሳ ነውና፣ በጀርባና በአህያ ተጭኖ፣ በሰብሳቢና በአቅራቢ እጅ አልፎ የመጣ ነው።

ከዚያም በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ወደብ የለንም፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በአሰብ መጠቀም ካቆምን ጀምሮ የወጪና የገቢ ንግዳችን እጅግ የሚበዛው ክፍል የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቡናው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቀዝቃዛ ደጋ ተነሥቶ ሞቃትና እርጥበት ወደ በዛበት የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ኮንቴይነሩ በዚህ የአየር ጠባይ ለውጥ ምክንያት ከውስጡ ያልበዋል፤ ግድግዳው በወረቀት ካልተለበጠና የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ በታች ካልሆነ፣ ሻጋታ ይዞት ከገዥው ዘንድ ይደርሳል። አስተላላፊው ይህንኑ ሲያስረዳኝ፣ «ነጋዴው ኮንቴይነሩ ታሽጎ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ቀማሽ በሌላ አገር አፉ እስኪያደርገው ድረስ እንቅልፍ የለውም» አለኝ። የባንኳ ሠራተኛም በበኩሏ፣ በአንድ ሰነድ ላይ አንዲት ፊደል በመሳሳቷ ብቻ ክፍያ ለሳምንታት ሲታገድ ማየቷን ነገረችን። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ገንዘብ ለአገሩ ያስገባ ሰው በአደባባይ ቢመሰገን የሚበዛበት አይደለም።

ይሁን እንጂ ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስም ከተጠራ በኋላ የሚነበበው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም ያ ድርጅት በዓመቱ ያስገባው የዶላር መጠን ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋንጫው ይተልቃል፤ ጭብጨባውም ይረዝማል። ዓመቱ ደግሞ ለቡና መልካም ዓመት ነበር። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን ወደ 300 ሺህ ቶን ከሚጠጋ ቡና 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አግኝታ ነበር፤ በ2017 በጀት ዓመት ግን ከ460 ሺህ ቶን በላይ ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። በዚሁ ዓመት የካቲት ወር ላይ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበርና፣ የቁጥሩ ዕድገት የእኛ ጥረት ብቻ ሳይሆን የዋጋውም ድርሻ አለበት።

አንድን ነገር በአንድ ቁጥር ብቻ መለካት ምን እንደሚያስከትል እኛ መሐንዲሶች እናውቃለን። የንግዱም ሰዎች ያውቁታል። ዶላር ከባንክ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን፣ አንዳንድ ነጋዴ ቡናውን ከገዛበት ዋጋ አሳንሶ ወደ ውጭ ይሸጥ እንደ ነበር በገበያው ውስጥ የታወቀ ነው። በቡናው የከሰረውን በዚያው ዶላር ከውጭ በሚያስመጣው ሸቀጥ ላይ ይክሰው ነበር። በዶላር ብቻ ሲለካ ይህ ነጋዴና በትጋት አትርፎ የሸጠው ነጋዴ ልዩነት የላቸውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ አሠራር መሠረቱ ተናግቷል፤ የመለኪያው ነገር ግን እንዳለ ነው።

ሌላ ዓይነት ሽልማትም አለ። በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲካሄድ ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀርበው ነበር። ቀማሾቹ ናሙናውን የሚቀምሱት የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ነው። አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ ቡና ሲሆን፣ በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጧል። በዚያ ውድድር የተጠራው ስም የገበሬው ስም ነው። በጠረጴዛችን የነበሩት አዛውንት ቀማሽ ይህን ሲያነሡ ዓይናቸው ያበራ ነበር። እኔም የሚያሳፍር ሐሳብ በልቤ እያለ፣ እንደ ዘበት አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ቡናው የታጠበበት ጣቢያ ውሃውን የት እንደሚጥል በቅምሻ ይታወቃል?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ምላስ ብዙ ነገር ይይዛል። ከመጠን በላይ የተብላላውን፣ አፈር ላይ የደረቀውን፣ በጢስ የተያዘውን ሁሉ ይይዛል። ቡናው ያጠፋውን ወንዝ ግን አይዝም፤ ስኒው ውስጥ የለማ» አሉኝ።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤

ያን ጥያቄ ለምን እንደ ጠየቅሁ ልንገራችሁ።

የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አሠራር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። ገበሬው በቀን የለቀመው ቀይ እሸት ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ጣቢያው ይደርሳል፤ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት። ገፈቱ ከተላጠ በኋላ ፍሬውን የሸፈነው ሙጫ መሰል ጣፋጭ ነገር በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ መርዝ የተጨመረበት ባይሆንም ስኳርና ገፈት የበዛበት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ስኳሩ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ነፍሳቱ ስኳሩን ሲመገቡ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፤ ዓሣውም ሌላውም ፍጥረት ትንፋሽ ያጣል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ ይገማል። ስለዚህ ውሃው ወደ ወንዝ ሳይገባ የሚጠራቀምበት፣ የሚሰክንበትና ቀስ በቀስ የሚጣራበት ኩሬ ያስፈልጋል።

ኩሬዎቹን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ደንበኛዬ በሰጡኝ መረጃ መሠረት፣ በአካባቢው ይሰበሰባል የተባለው እሸት በወቅቱ 1,400 ቶን ነበር። ይህን ለ70 የሥራ ቀናት አካፈልኩት፤ በቀን 20 ቶን ደረሰኝ። ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትር ውሃ አስቤ፣ በቀን 200 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይወጣል አልኩ። ለአምስት ቀን እንዲበቃም በጠቅላላው 1,000 ሜትር ኩብ የሚይዙ ሦስት ኩሬዎችን ነደፍኩ። ስሌቱ የተጣራ ነው፤ ማንም ቢመረምረው የማባዛትና የማካፈል ስሕተት አያገኝበትም። ስሕተቱ ከስሌቱ በፊት ነው። ቡና በአማካይ አይበስልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ማሳ አንድ ጊዜ ሲቀላ፣ ጣቢያው ሞልቶ በር ላይ የአህያ ሰልፍ ይቆማል። ድልድይ ስንነድፍ ለአማካይ ጎርፍ አንነድፍም፤ ለከፍተኛው ጎርፍ ነው እንጂ። እኔ ይህን ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ድልድይ ቢወድቅ ስሜ ይጠራል፤ ኩሬ ቢሞላ ግን የሚፈሰው በሌሊት ነው። ልዩነቱ ይህ መሆኑን ያኔ ለራሴ አልነገርሁም።

ሁለት የምርት ወቅት በደኅና አለፈ። በሦስተኛው ወቅት የቡና ዋጋ ከፍ አለ። ድርጅቱም ከጎረቤት ወረዳዎች ጭምር እሸት መግዛት ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ አንድ የሞተር ብልሽት እንድመለከት ተጠርቼ ሄድኩ። መዝገቡን ስመለከት ጣቢያው በቀን እስከ 45 ቶን ይፈለፍል ነበር። አሥር ሊትር በኪሎ ቢታሰብ በቀን 450 ሜትር ኩብ ነው፤ ኩሬዎቼ በሁለት ቀን ተኩል ሳይሞላ ጢም ይላሉ ማለት ነው። ወደ ኩሬዎቹ ስሄድ የታችኛው አፋፉን ጥሶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር።

ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ጥበቃው የእሳቸውን ቋንቋ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ ተነጋገርን። «አባባ፣ ከብቶቹ ለምን አይጠጡም?» አልኳቸው። ሽማግሌው ቁጣ አላሳዩም። «ያሸቱትና ይመለሳሉ፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ወደ ላይ ወስደን ነው የምናጠጣቸው። ልጆቹም ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ነው» አሉ። ቀጥለውም ጥበቃውን አንድ ነገር ጠየቁት። «ይህ ሰው ማን ነው?» ማለታቸው ነበር። ጥበቃው «መሐንዲሱ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ዝም አሉ።

እንግዲህ በዚያን ቀን ምን አደረግሁ? ለጣቢያው ኃላፊ «ኩሬውን ጥረጉት፤ አፋፉንም በአፈር ከፍ አድርጉት» ብዬ በቃል ነገርኩ። ሞተሩን አስጠግኜ ተመለስኩ። ለባለቤቱ አልጻፍኩም፤ አልደወልኩም። ጭማሪው የእሳቸው ውሳኔ ነው፣ እኔ ለ20 ቶን ነው የነደፍኩት፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህ ምክንያት በፍርድ ቤት ያቆመኝ ይሆናል። ከዚያ ወንዝ ዳር ግን አላቆመኝም።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። የደንበኛዬ ድርጅት ስም ተጠራ። ቁጥሩ ተነበበ፤ ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ነበር። ያን ቁጥር እኔ ከማንም በተለየ አውቀዋለሁ፤ በበኩሌ ሜትር ኩብ ሆኖ ታየኝ። ዋንጫውን ያስገኘው ጭማሪና ኩሬውን ያስገነፈለው ጭማሪ አንድ ጭማሪ ነው። ባለቤቱ ዋንጫውን ተቀብለው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ገበሬዎቹን፣ ሠራተኞቹን፣ በመጋዘን ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች አመሰገኑ። እዚህ ላይ ከሌሎቹ ተሸላሚዎች ይሻሉ ነበር። በመጨረሻም እጃቸውን ወደ እኛ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ «ይህን ጣቢያ የሠራልን መሐንዲስ እዚህ አለ፤ ተነሥ እስቲ፣ ይዩህ!» አሉ።

ተነሣሁ። እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። አስተላላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቀማሹም አጨበጨቡ፤ ነገር ግን ቀደም ብዬ የጠየቅኋቸው ጥያቄ ትዝ ብሏቸው ይሁን ወይም እኔ መስሎኝ፣ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

ከዚያ ምሽት በኋላ አራት ቀን ቆየሁ። አራቱን ቀን ያቆየኝ ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ክፍያ እንዳይጠየቅብኝ፣ ስሜ እንዳይጠፋ፣ ሌላ ሥራ እንዳላጣ ፈራሁ። በአምስተኛው ቀን ቢሯቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዋንጫው ከጠረጴዛቸው ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ያ ኩሬ ሲቆፈር ‹ይበቃል ወይ?› ብዬ ጠይቄህ አልነበረም?» አሉኝ። ጠይቀውኝ ነበር። እኔም «በሚገባ» ብያቸው ነበር። «አዎን ጋሼ፣ ጠይቀውኛል» አልኩ። ቀጥለው የጠየቁኝ፣ የነጋዴ ወግ ነውና፣ «ስንት ይፈጃል?» የሚል ነበር።

ንድፉን ያለ ክፍያ ሠራሁ፤ የቁፋሮውንና የዕቃውን ወጪ እሳቸው ቻሉ። ገፈቱ ከውሃው ጋር ሳይጓዝ ወዲያው እንዲለይና ወደ ብስባሽ ማዘጋጃ እንዲሄድ አደረግን። የመፈልፈያው ውሃ በፓምፕ ተመልሶ እንዲያገለግል በማድረግ ፍጆታውን በኪሎ ወደ 5 ሊትር አወረድነው። 400 ሜትር ኩብ የሚይዝ አራተኛ ኩሬ ተቆፈረ፤ የሁሉም ወለል በሸክላ አፈር ተደለደለ፤ ከበታቻቸው ባለው ተዳፋት ላይም የቬቲቨር ሣር ተተከለ። እንግዲህ 45 ቶን ቢገባ እንኳ በቀን 225 ሜትር ኩብ ነውና፣ ኩሬዎቹ ለስድስት ቀን ይበቃሉ። እጅግ አነስተኛ ውሃ የሚጠቀም አዲስ መፈልፈያ ይገዛ ብዬ ያቀረብኩትን ግን ባለቤቱ «ለሚመጣው ዓመት» ብለው አቆይተውታል።

በተከታዩ ታኅሣሥ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የውሃ መመለሻው ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪገኝ ሁለት ቀን ኩሬው ገንፍሎ ነበር። ተጠባባቂ ፓምፕ በንድፌ ውስጥ አላስገባሁም፤ ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ነው። ሽማግሌውን አገኘኋቸው። ከብቶቹ ከወንዙ ይጠጡ ነበር። ደስ ብሎኝ ይህንኑ ስነግራቸው በጥበቃው በኩል እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤ «አዎን፣ ከብቶቹ ይጠጣሉ። እኛ ግን ገና አልጠጣንም።»

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፤

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ንስሓ ለመግባት ብቻ አይደለም፤ ለንስሓ ሌላ ቦታ አለው። ነገሩ የሁላችንም ስለ ሆነ ነው። ቡናችን የሚሸጠው በስም ጭምር ነው። የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች የአገራችን ንብረት ሆነው በውጭ አገር እንዲከበሩ መንግሥት ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ነጋዴ ኩባንያ ጋር ረጅም ክርክር አድርጎ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት መድረሱ ይታወሳል። ስሙ የቦታ ስም ነው፤ ቦታ ማለት ደግሞ አፈሩና ወንዙ ነው። ወንዙን አበላሽቶ ስሙን መሸጥ ለጥቂት ዓመት ይሠራ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም። በ2009 ዓ.ም. ከተደረገው የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ቡናው ከየትኛው ጣቢያ እንደ ወጣ ገዥው ለይቶ ማወቅ የሚችልበት መንገድ ሰፍቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕግ፣ ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደ ሆነና ደን ተመንጥሮበት እንዳልሆነ ማስረጃ ይጠይቃል። ዛሬ ስለ ማሳው የሚጠይቅ ገዥ ነገ ስለ ውሃው መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ መልሱ ያለው ከእኛ ንድፍ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማናቸውም የምርት ማቀነባበሪያ ጣቢያ ንድፍ የሚመሠረተው በወቅቱ አማካይ ሳይሆን በከፍተኛው ቀን ይሁን። የተነደፈበትም አቅም በብረት ሰሌዳ ተጽፎ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ዛሬ የማንኛውም ሞተር አቅም በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ የኩሬው አቅም ግን የተጻፈው በመሐንዲሱ መሳቢያ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ በውላችን ውስጥ መሐንዲሱ ከርክክብ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የምርት ወቅቶች፣ ሥራው በሚበረታበት ወር ተገኝቶ እንዲመለከትና ያየውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። በቃል የተነገረ ነገር በምስክርነት አይቆምም፤ ይህን ከራሴ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፤ ማኅበራችን ሽልማቱን ለሚያዘጋጁት ክፍሎች የሙያ እገዛ ያቅርብ። ከዶላሩ ቁጥር አጠገብ ሌሎች ሁለት ቁጥሮች እንዲነበቡ እንጠይቅ፤ አንዱ ለአንድ ኪሎ ምርት የዋለው ውሃ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይጣራ የወጣው ፍሳሽ ይሁን። እነዚህን ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ቆጣሪና አንድ ታማኝ መዝጋቢ ነው። ብዙ ላኪዎች ይህን ይጠሉታል ብላችሁ አታስቡ። ደንበኛዬ ስሕተቴን ስነግራቸው ያሳዘናቸው ወጪው ሳይሆን አለማወቃቸው ነበር።

አራተኛና የመጨረሻው፤ ይህ መጽሔታችን በየዓመቱ ያጠናቀቅናቸውን ሥራዎች በፎቶግራፍ አስደግፎ ያወጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ገጾች ቀጥሎ አንድ ገጽ ለስሕተቶቻችን ይመደብ። የደንበኛው ስም አይጠቀስ፤ የመሐንዲሱ ስም ይጠቀስ፤ ስሕተቱ፣ ምክንያቱና የተወሰደው መፍትሔ ይጻፍ። ወጣት መሐንዲሶች ከተሠራው ይልቅ ከተሳሳተው ብዙ ይማራሉ። ገጹ የሚከፈት ከሆነ የመጀመሪያው ጽሑፍ የእኔ እንዲሆን ፈቃደኛ ነኝ፤ ስሌቱንም ካነበባችሁት በኋላ ልትመረምሩት እንድትችሉ ሙሉውን አቀርባለሁ።

ንግግሬን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በዚህም ዓመት የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። ባለቤቱ በስልክ «ኢንጂነር፣ ዘንድሮም ተነሥ ብዬ ብጠራህ ትነሣለህ ወይ?» ሲሉ በቀልድ ጠየቁኝ። «ሽማግሌው ከወንዙ የጠጡ እንደ ሆነ እነሣለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። ከሳቁም በኋላ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ያን መፈልፈያ ዋጋውን ጠይቅልኝ» አሉኝ። የዋጋ ማቅረቢያውን ጠይቄያለሁ፤ መልሱን በመጠባበቅ ላይ ነኝ።